ቻይና ከሆነ ቻይና በለኝ

መጽሐፍ መደርደሪያዬ ላይ አንድ የራዲያተር ክዳን አለ። ከመዝገበ ቃላቱ ጎን ነው ያስቀመጥኩት። ቤት የመጣ እንግዳ ሁሉ አንስቶ ያገላብጠዋል። ከዚያ ለምን እዚያ እንዳስቀመጥኩት ይጠይቀኛል። መልሱ የመኪና መለዋወጫ ስንገዛ ኦርጂናሉን፣ ርካሹንና ፎርጅዱን ስለመለየት ነው።

እኔ ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች፣ ውኃ እዚህ በ100 ዲግሪ አይፈላም። 94 ገደማ ላይ ይፈላል። በየዓመቱ ከልጆቹ ጋር ቴርሞሜትር ነክረን እናየዋለን። መጽሐፋቸው 100 ስለሚል መጀመሪያ ቴርሞሜትሩ የተበላሸ ይመስላቸዋል። አልተበላሸም። ከፍታው ሲጨምር የአየሩ ግፊት ይቀንሳል፤ ውኃም ቶሎ ይፈላል።

አሁን ወደ መኪና እንምጣ። ጤነኛ ሞተር ውስጥ የሚዞረው ውኃ አብዛኛውን ጊዜ ከ80 እስከ 95 ዲግሪ ይሞቃል። ራዲያተሩ ግፊት ካልያዘ፣ እኛ ከተማ ውስጥ የሚሄድ መኪና ሁልጊዜ መፍላት አፋፍ ላይ ነው። ከዚያ የሚያድነው ክዳኑ ነው። ክዳኑ ውስጥ ያለችው ሞላ ግፊቱን አምቃ ትይዛለች። ብዙ የቶዮታ ክዳኖች ላይ 0.9 የሚል ቁጥር ተጽፏል፤ የሚይዘው የግፊት መጠን ነው። ክዳኑ ያንን በትክክል ከያዘ፣ ውኃው እዚህ እኛ ዘንድ እንኳ 110 ዲግሪን ሳያልፍ አይፈላም።

መደርደሪያዬ ላይ ያለው ክዳንም 0.9 ይላል። ሞላው ግን በሁለት ጣት ሲጫኑት እንደ ስፖንጅ ይገባል።

የገዛሁት የድሮው ክዳን ጎማ ተሰነጣጥቆ ስለነበር ነው። ከሳምንት በኋላ እህቴንና ልጆቿን ይዤ ወደ ጎንደር ስሄድ፣ አዲስ ዘመንን አልፈን ዳገቱን ስንጀምር የሙቀት ቀስቱ ወደ ላይ መውጣት ጀመረ። ዳር ይዤ ቆምኩ። በኮፈኑ ዙሪያ እንፋሎት ይወጣ ነበር። ከኋላዬ ይመጣ የነበረ የሚኒባስ ሾፌር ቆመና ገና ሳይወርድ ጮኸ፦ «እታለም፣ እንዳትከፍችው! ፊትሽን ይልጠዋል!» አርባ ደቂቃ ያህል ጠበቅን። ከራሱ ጀሪካን ውኃ ሰጠን። ስሙን ሳልጠይቀው ሄደ። ዛሬም ያንን መንገድ ስሄድ አስበዋለሁ።

ሞተሩ ግን ተጎድቶ ነበር። የቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ማሸጊያ ጓርኒሲዮን ተቃጥሏል። ቴስታታው ወርዶ ቶርኖ ቤት ሄደ፣ ተስተካከለ፣ ተመልሶ ታሰረ። ለክዳኑ የከፈልኩት የአንድ ምሳ ዋጋ ነበር። ለጥገናው የከፈልኩት ከሁለት ወር ደመወዜ በለጠ።

መካኒኬ አባይ ማዶ ነው። ጋሼ እለዋለሁ፤ አባቴንም ያውቀው ነበር። ክዳኑን በአውራ ጣቱ ጫን አደረገና «ይህን ማነው የሰጠሽ?» አለኝ። ምን ልበለው? ክዳን ጠየቅኩ፣ ክዳን ሰጡኝ። ምን ዓይነት ነው ብዬ አልጠየቅኩም። ሻጩም አልነገረኝም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ መጠየቅ ጀመርኩ። ይህን የምጽፈውም ስጠይቅ የተማርኩትን ለማካፈል ነው። አሮጌ መኪና ያለው ሰው ሁሉ በየወሩ ይህ ጥያቄ ይገጥመዋል። ኦርጂናሉን ልግዛ ወይስ ሌላውን?

መኪናዬ ነጭ ኮሮላ ናት፣ እ.ኤ.አ. የ94 ሞዴል። አባዬ ነፍሱን ይማረውና በ1992 ዓ.ም. ነው የገዛት። ሲገዛት ያገለገለች ነበረች። ለእኔ ሁለት ነገር ትቶልኝ ሄደ። አንዱ መኪናዋ ናት። ሁለተኛው ደብተሩ ነው። ደብተሩ ላይ ለኮሮላዋ የተገዛ ዕቃ ሁሉ በቀንና በኪሎ ሜትር ተመዝግቧል። ደግሞ ከየትኛው ፋብሪካ እንደሆነ ይጽፋል። «ካንዴላ 4፣ ዴንሶ።» «የኋላ ፍሬን ሸራ፣ ታይዋን።» «ፊልትሮ፣ ጄኒዩን።» ልጅ ሆኜ ይህን ሁሉ የሚጽፈው ለምን እንደሆነ አይገባኝም ነበር። አሁን ከማንኛውም ሻጭ ምክር በላይ የማምነው ይህን ደብተር ነው። የትኛው ዕቃ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሄደ መቀነስ ብቻ ነው።

ደብተሩ ያስተማረኝ የመጀመሪያው ነገር፣ አባዬ ሁልጊዜ ኦርጂናል አለመግዛቱ ነው። ግማሹ የሌላ ፋብሪካ ዕቃ ነው። ብዙዎቹም በደንብ አገልግለዋል። እኔ ግን ደብተሩን በትኩረት ያነበብኩት ትልቁን ስህተት ከሠራሁ በኋላ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ2011 ዓ.ም. እናቴን ለዓይን ሕክምና ወደ አዲስ አበባ ልወስዳት ነበር። ረጅም መንገድ ስለሆነ የፊት ፍሬን ሸራ ልቀይር አልኩ። አንድ ሱቅ ገባሁ። ባለ ሱቁ የቶዮታ ካርቶን አወጣልኝ። ዋጋው አስደነገጠኝ፤ ግን ለፍሬን ነው ብዬ ልከፍል ነበር። ካርቶኑን አገላብጬ ሳይ «በታይላንድ የተሠራ» ይላል። «ይሄማ ኦርጂናል አይደለም፤ ጃፓን ነው የምፈልገው» አልኩት። ሊያስረዳኝ ሞከረ። አልሰማሁትም። ሌላ ሱቅ ሄድኩ። እዚያ «ጃፓን» የሚል ካርቶን ነበር። ያውም ከመጀመሪያው በሲሶ ይረክሳል። ደስ ብሎኝ ገዛሁ።

ደጀንን አልፈን የዓባይን በረሃ መውረድ ስንጀምር ሁሉም ደህና ነበር። መንገዱ እስከ ወንዙ ድረስ ከ1,000 ሜትር በላይ ይወርዳል። ጠመዝማዛው ብዙ ነው። በሁለተኛ ማርሽ እየያዝኩ እወርዳለሁ፤ ግን ከፊቴ ከባድ መኪና ስለነበር ፍሬን ደጋግሜ እነካለሁ። ግማሽ መንገድ ላይ የሚያቃጥል ሽታ መጣ። እናቴ «ምን ተቃጠለ?» አለች። ከፊቴ ያለው መኪና ነው አልኳት። ቀጥሎ ያለው ኩርባ ላይ ፍሬን ስይዝ ፔዳሉ ጠንካራ ነው፣ እግሬ ላይ ይሰማኛል፤ መኪናዋ ግን አትቆምም።

ይህን ስሜት የሚያውቅ ያውቀዋል። ወደ አንደኛ ማርሽ መለስኳት፤ ሞተሩ ጮኸ። የእጅ ፍሬኑን ቀስ እያልኩ ሳብኩ። ዳር ላይ ትንሽ ሰፋ ያለ ቦታ ነበር። እዚያ በተራራው በኩል ተጠግታ ቆመች። የአንድ ከባድ መኪና ረዳት ሮጦ መጥቶ ጎማዋ ሥር ድንጋይ አደረገ። እናቴ ድምፅ አላወጣችም። ነጠላዋን ተከናንባ «ማርያም፣ ማርያም» ስትል ብቻ ይሰማኛል።

በኋላ አዲስ አበባ ሸራው ሲወጣ አየሁት። ከብረቱ ጋር የተጣበቀበት ቦታ ለቋል፤ መሃሉ ተሰነጣጥቋል። የሆነውን በኬሚስትሪ ማስረዳት እችላለሁ። የፍሬን ሸራ ብዙ ዓይነት ዱቄትና ጭረት በሙጫ ተጣብቆ የሚሠራ ነው። ሙጫው ከመጠን በላይ ሲሞቅ ጋዝ ያወጣል። ጋዙ በሸራውና በዲስኩ መሃል እንደ ስስ ሽፋን ይገባል። ሸራው ዲስኩን መጨበጡ ይቀርና ይንሸራተታል። ጥሩ ሸራ ሙጫው የተመጠነና በፋብሪካ በደንብ የተጋገረ ስለሆነ ይህን ሙቀት ይችላል። መጥፎው በከተማ ውስጥ ሲነዱት ምንም ልዩነት አያሳይም። እዚሁ ባሕር ዳር ከሽምብጥ እስከ ፔዳ በቀን አራት ጊዜ ቢመላለሱበት ጥሩ ይመስላል። ልዩነቱ የሚታየው የዓባይ በረሃ ላይ ነው።

እንግዲህ ታይላንድ የሚለውን ካርቶን ልናገር። እሱ ትክክለኛው ነበር። ቶዮታ ብዙ ዕቃውን በታይላንድና በኢንዶኔዥያ፣ በሌሎችም አገሮች ያሠራል፤ ካርቶኑ ላይም እንደዚያው ይጽፋል። «ጃፓን ካላለ ኦርጂናል አይደለም» የሚለው የኛ ወሬ ነው። ፎርጅድ የሚሠራው ሰው ደግሞ ይህን ወሬያችንን ጠንቅቆ ያውቃል። ስለዚህ ካርቶኑ ላይ መስማት የምንፈልገውን ይጽፍልናል። እኔን የሸጠኝ ሰው ያውቅ ይሁን አይወቅ አላውቅም። ካርቶኑን የሠራው ግን ያውቃል።

የክዳኑንና የሸራውን ነገር ለየብቻ ነው የማያቸው። ክዳኑ ስም የሌለው ርካሽ ዕቃ ነበር። ሳልጠይቅ ገዛሁት፤ ጥፋቱ የኔም ነው። ሸራው ግን የሌላውን ስም ለብሶ ነው የመጣው። ጠይቄ፣ አገላብጬ፣ አስቤ የገዛሁት ነው። እሱ ገንዘቤን ብቻ አልወሰደም፤ እናቴን ይዤ ልሄድ ስል የወሰንኩትን ውሳኔ ነው የወሰደብኝ። በርካሽ ዕቃ ላይ ቂም የለኝም። በፎርጅድ ላይ ግን እስከ ዛሬ አልበረደልኝም።

ታሪኩን ለጋሼ ስነግረው ምንም አላለኝም። በሚቀጥለው ቅዳሜ ስሄድ ግን ሦስት የዘይት ፊልትሮ አዘጋጅቶ ጠበቀኝ። አንዱ ጄኒዩን ነው፣ አንዱ የራሱ ስም ያለው የሌላ ፋብሪካ ነው፣ ሦስተኛው የቶዮታ ካርቶን ውስጥ የነበረ ግን የተጠራጠረው ነው። ረዳቱ ሦስቱንም በሰጌቶ ቆርጦ ከፈተልኝ። ዘይቱን ጠርገን ጋዜጣ ላይ ደረደርናቸው። የጄኒዩኑ ወረቀት እጥፋቱ የተጠጋጋና እኩል ነው። የሌላው ፋብሪካ ፊልትሮ እጥፋቱ ትንሽ ቢያንስም ንጹሕ ነው፤ ሞተሩ ሲጠፋ ዘይቱ ተመልሶ እንዳይወርድ የሚይዘው ጎማም ለስላሳ ነው። የሦስተኛው እጥፋት አንዱ ሰፊ፣ አንዱ ጠባብ። ማጣበቂያው አንድ ቦታ ጭራሽ አልደረሰም። ጎማው እንደ ፕላስቲክ ደርቋል። ጋሼ በጣቱ እያሳየ «ይህ ጠዋት ስታስነሺ ሞተሩ ዘይት ሳያገኝ ያንኳኳል» አለኝ። ከዚያ መሃለኛውን አነሳ። «ይሄ ግን ምን ይወጣለታል? ስሙን አልደበቀም፤ ሥራውን ይሠራል።»

ያ ጠዋት ብዙ ነገር አጠራልኝ።

ሱቅ ውስጥ የምንሰማቸውን ስሞች እንመልከት። «ጄኒዩን» የሚሉት በመኪናው አምራች ካርቶን የሚሸጠውን ነው። ግን ቶዮታ ነዳጁን የሚያቀጣጥለውን ካንዴላ አይሠራም፣ የመንገዱን ንዝረት የሚያበርደውን አሞርዛተርም አይሠራም። ለሌሎች ፋብሪካዎች ያዛል፣ በራሱ ካርቶን ያሽጋል። ዴንሶ ካንዴላና የኤሌክትሪክ ዕቃ ይሠራል፤ ድሮ የቶዮታ ክፍል ነበር፣ እ.ኤ.አ. በ1949 ራሱን ችሎ ወጣ። አይሲን የውኃ ፖምፕና ፍሪሲዮን ይሠራል። ኬዋይቢ፣ ማለትም ካያባ፣ አሞርዛተር ይሠራል። ኮዮ፣ ኤንኤስኬና ኤንቲኤን ኩሽኔታ ይሠራሉ። መሪውን ከጎማው ጋር የሚያገናኘው ቴስቲና ላይ «555» የሚል ያየ ሰው ሳንኬይ የሚባለውን የጃፓን ፋብሪካ ዕቃ ነው ያየው። እነዚህ ፋብሪካዎች ዕቃቸውን በራሳቸው ካርቶንም ይሸጣሉ። ብዙውን ጊዜ ከቶዮታው ካርቶን ይረክሳል። ለአሮጌ መኪና ባለቤት ምርጡ መንገድ ይሄ ነው ብዬ አምናለሁ። ጥራቱ አለ፤ ለካርቶኑ ስም ተጨማሪ አትከፍልም። የኮሮላዬን አራት አሞርዛተሮች ስቀይር ኬዋይቢ ነው ያስገባሁት። የእኛ ሰፈር ኮብልስቶን ደግሞ አሞርዛተርን ይፈትናል።

ችግሩ እነዚህም ስሞች ፎርጅድ ይሠራባቸዋል። 555ም፣ ዴንሶም፣ እንደ ዴንሶ ካንዴላ የሚሠራው ኤንጂኬም። ስለዚህ ቁጥር ማወቅ ያስፈልጋል።

ይህን ቁጥር ማንም ሰው ሊማረው ይችላል፤ እባካችሁ ተማሩት። የቶዮታ ዕቃ ቁጥር አብዛኛው 10 አሃዝ ነው፣ በመሃሉ ሰረዝ አለው። የመጀመሪያዎቹ 5 ዕቃው ምን እንደሆነ ይናገራሉ። 04465 የፊት ፍሬን ሸራ ነው። 90915 የዘይት ፊልትሮ ነው። 16100 የውኃ ፖምፕ፣ 13568 የታይሚንግ ቺንጊያ (የሞተሩን ቫልቮች ከፒስተኑ ጋር የሚያስማማው ቀበቶ)፣ 17801 የአየር ፊልትሮ። የፊት አሞርዛተር 48510 ለቀኝ፣ 48520 ለግራ። ቀጣዮቹ 5 ለየትኛው ሞዴል እንደተሠራ ይለያሉ። የመኪናችሁን የሻንሲ ቁጥር ይዛችሁ ኢንተርኔት ላይ ካለ የዕቃ ካታሎግ ትክክለኛውን ቁጥር ማግኘት ትችላላችሁ። ሱቅ ስትገቡ «የኮሮላ ሸራ» አትበሉ። ቁጥሩን ጻፉና ስጡ። የኔ የዓባይ በረሃ ካርቶን ላይ የነበረው ቁጥር በ04465 ይጀምር ነበር። የኋለኞቹ አምስት ግን የኔ መኪና አይደሉም። ካርቶኑን አልጣልኩትም ነበርና በኋላ ሳመሳክር ነው ያገኘሁት። ሁለት ደቂቃ ብቻ ይወስድ ነበር።

ሸራ ላይ ሌላም የሚታይ አለ። በደንብ የተሠራ ሸራ ጠርዙ ላይ ሁለት ፊደል ታትሞበት ይገኛል። አብዛኛውን ጊዜ ኢ፣ ኤፍ ወይም ጂ ናቸው። የመጨበጥ አቅሙን ነው የሚናገሩት፤ የመጀመሪያው ፊደል መጠነኛ ሙቀት ላይ፣ ሁለተኛው ከፍተኛ ሙቀት ላይ ያለውን። ኤፍ ከኢ ይሻላል። ሁለቱም ኤፍ ከሆኑ ሲሞቅም አቅሙ ብዙ አይቀንስም ማለት ነው። ቁልቁለት ለሚወርድ ሰው ሁለተኛዋ ፊደል ናት ዋናዋ።

የፍሬን ዘይትንም እዚህ ልጨምር፣ ብዙ ሰው ይረሳዋል። ዶት 3 የሚባለው አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ አይፈላም። ግን ከአየር እርጥበት ይጠጣል። እርጥበት ከገባበት በኋላ መፍያው ወደ 140 ሊወርድ ይችላል። ዶት 4 ከ230 ወደ 155። ስለዚህ ምርጥ ሸራ ገዝቶ የአምስት ዓመት ዘይት ላይ መንዳት ድካምን ማባከን ነው። በየሁለት ዓመቱ ቀይሩት። ዋጋው ትንሽ ነው።

ጎረቤቴ ሚኒባስ አለው፤ ከባሕር ዳር ወረታ ይሠራል። በዚህ ነገር ሁልጊዜ እንከራከራለን። እሱ እንዲህ ይለኛል፦ «አንቺ ደመወዝ አለሽ። እኔ ዛሬ ካልሠራሁ ዛሬ አልበላም። ዕቃው ሦስት ወር ቢይዝልኝ ይበቃኛል።» ይህን ንግግሩን አልንቀውም። መንገድ ሲዘጋ ሳምንት ሁለት ሳምንት ቆሞ የሚከርም ሰው ነው። እጁ ላይ ያለው ብር የዛሬውን ዕቃ ብቻ ነው የሚገዛው። ግን አንድ ጊዜ የታይሚንግ ቺንጊያው ሐሙሲት አካባቢ በጠሰ። ርካሹን ነበር ያስገባው። የናፍጣ ሞተር ነው፤ ቺንጊያው ሲበጠስ ፒስተኑና ቫልቩ ይጋጫሉ። ተጋጩም። ከአንድ ወር በላይ ቆመ። ከዚያ በኋላ ሐሳቡ ሙሉ በሙሉ ባይቀየርም፣ ስለ ቺንጊያ ብቻ አሁን ከኔ ጋር ይስማማል። ፍሬቻውንና ፓራውልቱን ግን ከየትም ይገዛል። በዚያ ደግሞ እኔ ከእሱ ጋር እስማማለሁ።

እንደ እውነቱ ከሆነ መለየት ያለብን በዚህ ነው። ዕቃው ሲበላሽ ምን ያደርገኛል? ፍሬቻ ቢጠፋ ቀይሬ እሄዳለሁ። የመስኮት ማውጫ ቢሰበር በሩን ይዤ እሄዳለሁ። የፍሬን ሸራ፣ የመሪ ቴስቲና፣ የጎማ ኩሽኔታ፣ የታይሚንግ ቺንጊያ፣ የራዲያተር ክዳንና ቴርሞስታት ሲበላሹ ግን ወይ ሰው ይጎዳል ወይ ሞተር ይሞታል። በነዚህ ላይ አልደራደርም። ስለ ቴርሞስታት ደግሞ አንድ ነገር አለኝ። «አገሩ ሞቃት ነው» ብለው አውጥተው የሚጥሉ መካኒኮች አሉ። ሞተሩ ቶሎ እንዳይሞቅ ያደርጉታል፤ ነዳጅ ይበላል፣ ሲሊንደሩም ቶሎ ይበላል። እባካችሁ አታስወጡት። ጥሩውን ገዝታችሁ አስገቡ።

ደግሞ ሦስተኛ መንገድ አለ፦ የተፈታ ኦርጂናል። አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ የሄደ ሰው ያውቀዋል። ከሌላ መኪና የወጣ የፋብሪካ ዕቃ ነው። ለበር፣ ለመስታወት፣ ለመብራት፣ ለሞተሪኖ፣ ለዲናሞ በጣም ጥሩ ነው። የኮሮላዬ የቀኝ የፊት መብራት ከዚያ የመጣ ነው። አዲሱ የሌላ ፋብሪካ መብራት ኮፈኑ ጋር አልገጥም ብሎ ሁለት ጊዜ መለስነው፤ የተፈታው ግን ልክ እንደተወለደበት ገባ። ጎማ ያለበትን፣ የሚያልቀውን፣ ፍሬን የሆነውን ግን የተፈታ አልገዛም። ያ ዕቃ ዕድሜውን የጨረሰው ሌላ ሰው ጋር ነው።

ይህን ሁሉ ለምን እንዲህ አጥብቄ እንደያዝኩት የሚጠይቀኝ አለ። «ሽጪና አዲስ ግዢ» የሚሉኝም አሉ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ማስገባትን በጣም አስወደደው። ጥር 2016 ላይ በነዳጅ የሚሠሩ መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ተነገረ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ብር በገበያ እንዲተመን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በአጭር ጊዜ ከ100 አለፈ። የመለዋወጫው ዋጋም አብሮ ወጣ። ስለዚህ አሁን ያሉን ኮሮላዎች፣ ቪትዞች፣ ሚኒባሶች ገና ብዙ ዓመት አብረውን ይኖራሉ። አምራቹ ራሱ ለአንዳንዶቹ ዕቃ ማምረቱን እያቆመ ነው። ኦርጂናል ልግዛ ብትሉ የማታገኙት ዕቃ አለ። ለኮሮላዬ የበር ጎማ ፈልጌ ፈልጌ የቻይና ነው ያገኘሁት። ሁለት ክረምት አሳልፏል፤ ውኃ አላስገባም። አመስግኜ ደብተሩ ላይ «ቻይና፣ ጥሩ» ብዬ ጽፌዋለሁ።

አሁን ዕቃ ስገዛ አንድ ልማድ አለኝ። ደረሰኙ ላይ የፋብሪካውን ስምና የተሠራበትን አገር እንዲጽፉልኝ እጠይቃለሁ። «የፍሬን ሸራ» ብቻ ሳይሆን የማን ሸራ እንደሆነ። አንዳንዱ ሻጭ ይቆጣል። «አታምኝኝም?» ይለኛል። አንዱ «እህቴ፣ እኔ ኦርጂናል ካልኩሽ ኦርጂናል ነው፤ ምን ጽሑፍ ያስፈልጋል» አለኝ። አመሰገንኩትና ወጣሁ። ሳይጽፍ የሚሸጠኝን ሰው ምን ብዬ ተመልሼ እጠይቀዋለሁ?

ባለፈው ሳምንት የኋላ ፍሬን ሸራ ፈልጌ አንድ ትንሽ ሱቅ ገባሁ። ቁጥሩን ሰጠሁት። ልጁ ወጣት ነው፤ ሃያ ዓመትም ላይሞላው ይችላል። ሁለት ካርቶን አወጣ። «ይሄኛው ታይዋን ነው፤ ይሄኛው የቶዮታ ነው፣ ግን እውነተኛ ስለመሆኑ እርግጠኛ አይደለሁም። አምጪዎቹ ናቸው ያሉት» አለኝ። ዝም ብዬ አየሁት። እስከ ዛሬ እንዲህ ያለኝ ሻጭ አልነበረም። የታይዋኑን ገዛሁ። ደረሰኙ ላይ እንዲጽፍልኝ ስጠይቀው ሳያንገራግር ጻፈ። የፋብሪካውን ስም፣ ከሥሩ ደግሞ «ታይዋን»።

ጋሼ ቅዳሜ ጠዋት አስገባልኝ። ስመለስ አዲሱን የዓባይ ድልድይ ተሻግሬ በሐይቁ ዳር ባለው መንገድ መጣሁ፤ ፍሬኑን እየሞከርኩ፣ ቀስ ብዬ። ቤት ስገባ ደረሰኙን ከአባዬ ደብተር ገጽ ጋር አያያዝኩት። ኪሎ ሜትሩንም ከጎኑ ጻፍኩ።